የካፒቴን ዮሪስ አዲስ ምድር

ሰው የሚኖርበትን አገር «እኔ አገኘሁት» ለማለት ምን ያህል ዓይን አውጣ መሆን ያስፈልጋል? ሆላንዳዊው ካፒቴን ዮሪስ በሰሜኑ የበረዶ ባሕር ዳርቻ የባንዲራውን ዘንግ በመዶሻ ቀጥቅጦ ተከለና፣ «አዲስ ምድር!» ብሎ አወጀ። መርከበኞቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዘንጉ ሥር ዓሣ ዓሣ የሚሸት የጨው ውሃ ፊን ብሎ ጫማውን አራሰው።

አንድ ሩሲያዊ አዳኝ እየጮኸ ከኮረብታው ወርዶ ባንዲራውን ነቀለ።

«ምን ይላል?» አለ ካፒቴኑ።

ሩሲያኛ የሚያውቀው የመርከቡ አናጢ ሳቁን ዋጠ። «የክረምት ቀለቤን፣ የቀበርኩትን የዓሣ በርሜል በሳኸው ይላል፣ ጌታዬ።»

«የሰው እግር ያልረገጠው ምድር መሆኑን ንገረው!»

አናጢው ነገረው። አዳኙ በርሜሉን ቆፍሮ አወጣና ዓሣውን ካፒቴኑ እግር ላይ ዘርግፎ ጮኸበት። አናጢው መርከበኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተረጎመ፦

«ታዲያ ይህን ዓሣ ጨው ነስንሶ የቀበረው ማን ነው? ሰዎችህ ሁሉ እየሰሙ መልስ ስጠኝ ይላል፣ ጌታዬ!»