ዘርትሁን የቀረፀው ባሕር

ካሴቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያየነው የባሌን አውራ ጣት ብቻ ነው።

«ቆዩ፣ አሁን ይመጣል» ይላል ዘርትሁን። ሪሞቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አዲሰን ያለው አፓርታማችን ውስጥ እትዬ ሸዋረገድ ሶፋውን ይዘዋል፤ ወዳጃችን ጋሹ ከፎርት ዎርዝ ድረስ ነድቶ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጧል። ሲገባ ኮቱን ሊሰቅል ቁም ሣጥኑን ቢከፍት ያ ጃንጥላ አናቱ ላይ ወደቀበት። ዘርትሁን ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት በመጣ ሰው ያስመጣው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ካህናት የሚይዙት ዓይነት ትልቅ ጥላ ነው። ቤታችን እንኳን ለእሱ ለእኛም አልበቃ። ለምንህ ነው ብዬ ብጠይቀው «ለሚካኤል ነው» ብሎ አፌን ዘጋው።

ሰዎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? ባሕር ውስጥ ስገባ በዓይናቸው እንዲያዩልኝ ነው።

ዓመቱን ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ፋርመርስ ብራንች መዋኛ እየሄድኩ ከሕፃናት ጋር ተሰልፌ ዋና ተምሬያለሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ ክንዴ ላይ የተነፋ ብርቱካናማ ላስቲክ ታስሮልኝ። ዘርትሁን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላየኝም። እሱ ውሃ የሚወደው በብርጭቆ ነው። በመስከረም ካሪቢያን ሄደን፣ በጀልባ ከደሴት ደሴት ስንዞር በዋልንበት ቀን፣ የዋና መነፅሬን አጥልቄ የመተንፈሻ ቱቦውን ከመንከሴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ቅረፀኝ። ከውሃው ስወጣ ያለኝ ምን መሰላችሁ? «ጸጉርሽን አበላሸሽው።» በቃ፣ ይኸው ነው። ከተመለስን ወዲህ ደግሞ «ካሴቱ የት እንደገባ እንጃ» እያለ ጨጓራዬን ሲልጠው ከረመ። ዛሬ ጠዋት መኪናው ውስጥ፣ ወንበር ሥር አገኘሁት።

አውራ ጣቱ ተነሣ። የመጀመሪያው ደሴት መጣ፤ ግን ደሴቱ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ፣ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብዬ።

«እጅሽን አውለብልቢ!» ይላል ካሴቱ ውስጥ የዘርትሁን ድምፅ። «እትዬ ሸዋረገድን ሰላም በያቸው!»

«እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ እትዬ ሸዋረገድ ከሶፋው ላይ፣ ለቴሌቪዥኑ እጃቸውን እያውለበለቡ።

ሁለተኛው ደሴት ላይም ያው ነው። ሦስተኛው ላይ አብረውን የነበሩትን ፈረንጆች እንደ ሚዜ ደርድሮ እጅ ያስወዛውዛቸዋል። ከኋላቸው ያለው ባሕር አንድ ጣት ታህል አይታይም። ደሜ ፈላ።

«ዘርትሁን፣ እኔ ውሃ ውስጥ የገባሁት የታለ?»

«ሪላክስ አድርጊ ምሥራቅ፣ ይመጣል አልኩሽ እኮ።»

«ውሃ እንደሁ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ይላሉ እትዬ ሸዋረገድ። «ምን አስገባሽ፣ ልጄ?»

አራተኛው ላይ ደረስን። ጀርባዬ ይታያል፣ ዘልዬ ስገባ የውሃው ፍንጣቂ ይታያል። አሁን ነው ብዬ ወደ ፊት ስጠጋ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሰማይ፣ የሰው ክርን፣ ከዚያ የጀልባው ወለል። የጀልባው ወለል ብቻ።

«እዚህ ጋ ምንም የለም» ይላል ዘርትሁን ፈጠን ብሎ። «ማለቴ፣ ካሜራውን ኦፍ አድርጌ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነው። ፎርዋርድ ላድርገው።»

ሪሞቱን ከእጁ መነጨቅሁት። «አታደርግም! አንድ ነገር ነው የለመንኩህ! ወለል ከቀረፅክ ወለሉን እናያለን።»

ወለሉን እናያለን። እንጨቱ እርጥብ ነው። ከዚያ ድምፁ ይመጣል።

«ሚስተር! ማይ ዋይፍ! የት ሄደች?» አንድ ሰው ይስቅና «ሺ ኢዝ ፋይን» ይለዋል። «አሁን እኮ እዚህ ጋ ነበረች… አትታይም… ሚካኤል፣ ሚካኤል አባቴ፣ አውጣልኝ። ጥላ ከአገር አስመጥቼ አስገባልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አላየኋትም፤ ብትሰምጥብኝ እንዴት አያለሁ ብዬ ነው። አውጣልኝ ብቻ።»

ጋሹ ቁም ሣጥኑን ያያል። እትዬ ሸዋረገድ ያማትባሉ። ዘርትሁን ወደ ምንጣፉ አቀርቅሯል።

ወለሉ ላይ አንድ ጫማ ያርፋል። ጀልባ ላይ አድርጎት የወጣው፣ ቀኑን ሙሉ ያሳቀቀኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጫማው ነው። ሁለተኛው ይከተላል። ካልሲዎቹ ይመጣሉ። ከዚያ እጁ ወርዶ ሰዓቱን ጫማው ውስጥ ያስቀምጣል።

ባሌ መዋኘት አይችልም። ገንዳ ውስጥ እንኳ ከጉልበቱ በላይ ገብቶ አያውቅም። ባዶ እግሮቹ ወደ ጀልባው ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ጣቶቹ ጠርዙን ቆንጥጠው ይቆማሉ። ሊዘል ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል።

«ዘርትሁን! ኤሊ አየሁ! ኤሊ!»

የእኔ ድምፅ ነው፣ ከሩቅ፣ እየሳቀ።

እግሮቹ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ተመልሰው ጫማቸው ውስጥ ገቡ፤ ካልሲው እዚያው ቀረ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያዘ። ከላይ በኩል፣ ከውሃው የወጣሁት እኔ ስንጠባጠብ ይሰማል።

«ጸጉርሽን አበላሸሽው» ይላል ድምፁ።

እጆቹ ግን ክሩን ማሰር አልቻሉም። ይሞክራል፣ ያመልጠዋል፣ ደግሞ ይሞክራል።