ሰባተኛዋ ቃለ መጠይቅ

ያዲራ የእናቷን ሳንኮቾ ሾርባ ቀምሳ ፊቷን አኮማተረች። ጡረታ ከወጣች በኋላም የነርስ ነጭ ጫማዋን ያልተወችው እናቷ ሳቀች።

«ጨው በዛ አይደል? እጄ ቀደመኝ። ሩዝ ጨምሪበት።»

ያዲራ ጥድፍ ጥድፍ ብላ በላችና የማኒሳሌስ ከተማን ዳገት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተያያዘችው።

የዶክትሬት ጥናቷ መድኃኒት ተሳስተው ሰው የሞተባቸውና ዝም ያሉ ነርሶችን ይመለከታል። ቃለ መጠይቆቹ ትምህርት ክፍሉ ከዓመታት በፊት ያሰባሰባቸው ናቸው፤ ስም የለባቸውም። የቀራት የኮድ አሰጣጡን፣ ማለትም የነርሶቹን ንግግር የምትከፋፍልበትን መንገድ መምረጥ ነበር፤ ጠቡም የመጣው በዚሁ ነው። እሷ መስመር በመስመር ሄዳ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ከተናጋሪዋ ከራሷ ቃል ስም ማውጣት ፈለገች። አማካሪዋ ዶክተር ኦፌሊያ ግን «ፍርሃት»፣ «ጸጸት» የሚሉ የተዘጋጁ ርዕሶች ሰጧት።

«በነዚህ ደልድዪና ገላግዪን።»

ያዲራ ገረማት። መስመር በመስመር ሂዱ እያሉ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

«በተለይ ሰባተኛዋን ነርስ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «የሷን ሐሳብ በራሷ ቃል አትሰይሚ።»

«ለምን?»

«አማካሪዋ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? በመንገድሽ ከሄድሽ ፊርማዬን አትጠብቂ።»

የያዲራ የዓመታት ልፋት ገደል ሊገባ ነው። ሰባተኛዋ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች፤ ዶክተር ኦፌሊያም ማስተማር ሳይጀምሩ በፊት የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበሩ።

እልህ ያዛት። ሰባተኛዋን መስመር በመስመር አነበበች፤ ለየት ያለውን አባባል ሁሉ አሰመረችበት፣ ተራ ንግግሩን አለፈችው። ባነበበች ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ።

በማግስቱ የዶክተሯን ቢሮ በር ከኋላዋ ዘግታ ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር። ሰባተኛዋ እርስዎ ነዎት።»

ዶክተር ኦፌሊያ አልተቆጡም።

«እኔ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ። አብሬያት ግን ሠርቻለሁ። ምናለ በሰማሽኝ።»

ራሳቸው ኮድ የሰጡበትን የሰባተኛዋን ቅጂ ከመሳቢያ አወጡ። አንድ መስመር ብቻ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይቺን ለምን አለፍሻት?»

ያዲራ አየት አደረገቻት። «ይሄማ ተራ ንግግር ነው። ሰው ሁሉ ይለዋል።»

«ማን ሲል ሰምተሻል?»

ያዲራ የእናቷ ጨው የበዛበት ሳንኮቾ ትዝ አላት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና እንደገና አነበበች።

«ሕፃኑን መርፌ ስወጋው እጄ ቀደመኝ።»