ሦስቱ ናርዲዎችና የመጨረሻው ገጽ

ጅማ ውስጥ መንፈስ አሳዳጇን ናርዲን የማያውቅ ተማሪ ካለ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለመማር ብቻ ነው ማለት ነው። ሊያና ሙርሺድ አንድ ዴስክ ላይ እየተቀመጡ፣ ከአስተማሪ ተደብቀው የፈጠሯት የኮሚክ ጀግና ናት።

ትምህርት ሲያልቅ ሙርሺድ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሸቤ ተመለሰ፤ ናርዲም ለሁለት ተከፈለች። የሊያዋ ናርዲ ጅማ ውስጥ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ባጃጅ እየነዳች መናፍስት ታሳድዳለች። የሙርሺዷ ቦቲ ጫማ አጥልቃ ሸቤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትጠብቃለች። እውነተኛዋ የትኛዋ ናት በሚል ስንት ጓደኛሞች ተኳርፈዋል። ሁለቱ ሠዓሊዎችም ተኳርፈው ነበር።

አሁን ታርቀዋል። የእርቃቸው ምልክትም አንድ ልዩ እትም ነው፤ ሁለቱ ናርዲዎች ፊት ለፊት ይገናኙበታል። ለመንገደኛ በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጥ የአሰንዳቦ ናርዲም ሦስተኛ ሆና ትጨመራለች። ሦስቱ ተባብረው እስከ ዛሬ ሲያመልጥ የኖረውን፣ «ጥላው» የሚባለውን መንፈስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ከበው አመድ ያደርጉታል።

ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን የሚያስል ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ሥራ አለው። ስለዚህ የገጸ ባሕርያቱ ፊት የተቀዳው ሊያ ከአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት ካመጣችው ካርቶን ነው። በውስጡ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ጉርድ ፎቶዎች ሞልተውበታል። ናርዲ አንዲት ኮስታራ ተማሪ ነበረች። ጥላው አንድ ቅንድቡ ከፍ ያለ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነበር።

ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ የመጻሕፍት ትርኢት አለ። አዘጋጆቹ «ኮሚክ መጽሐፍ አይደለም» ብለው ነበር። ሊያ «ታዲያ ምንድን ነው፣ ጎመን ነው?» ብላ ተሟግታ ጠረጴዛ አገኘች። ልዩ እትሙ ካልደረሰ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፋ ልትቀመጥ ነው፤ ያንን ከምታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ኮሚኩን የሚያባዙላቸው የኮፒ ቤት ባለቤቷ ወይዘሮ ብርሃንነሽ ናቸው። ሌሎቹ ኮፒ ቤቶች «የሙት መንፈስ ሥዕል ገበያ ያርቃል» ብለው መልሰዋቸዋል። ወይዘሮ ብርሃንነሽም ቢሆኑ ሲስቁ ታይተው አያውቁም። ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ እያንዳንዱን ገጽ ያገላብጣሉ፤ ጥላው ያለበት ላይ ሲደርሱ ያማትባሉ። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ያዙት?»

«አልያዙትም፣ እትዬ። አመለጠ።»

ማሽኑን የሚያስነሡት ይህን ሲሰሙ ነው። ሊያ ሴትዮዋ መንፈሱ በሰፈሩ ሲዞር እየታያቸው የሚጨነቁ ስለሚመስላት ታጽናናቸው ነበር። «አይዞዎት፣ አንድ ቀን ይያዛል» ትላቸዋለች።

የልዩ እትሙን ገጾች ሰኞ ሰጥተው በማግስቱ ሲመለሱ፣ ሁሉም ተባዝቶ ጠበቃቸው። የመጨረሻው ገጽ ብቻ የለም፤ ኮፒውም ኦሪጂናሉም።

«ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ብርሃንነሽ፣ ቀና ሳይሉ።

እንደገና ሣሉት። ሐሙስ ዕለት እሱም ጠፋ።

«ዋላሂ፣ ይሄ ነፋስ ማንበብ ይችላል!» አለ ሙርሺድ ደጅ እንደወጡ። «ሌላውን ሁሉ ትቶ የመጨረሻዋን ገጽ እየመረጠ የሚወስድ! ሴትዮዋ መንፈስ ፈርታ ነው፣ ሊያ። ይሄኔ አቃጥላዋለች።»

«ትፍራ! እሷ ስለፈራች እኛ ልንቀር ነው? መቶ ጊዜ ብትቀደው መቶ ጊዜ እስለዋለሁ።»

«ማሎ፣ እባክሽ ቀስ በይ። ትርኢቱ ደርሷል። ለምን እንደ ድሮው አምልጦ አይሄድም? ያኔ ታባዛልናለች።»

ሊያ መንገድ ላይ ቆመች።

«አንተ ደግሞ! ስንት ዓመት ኮሚካችን መጽሐፍ አይደለም ሲሉን፣ ጋኔን ጠሪዎች ሲሉን ኖርን። አሁን ደግሞ የገዛ ታሪካችንን መጨረሻ ኮፒ ቤት ይወስንልን? አይሆንም። ይሞታል አልኩ፣ ይሞታል!»

ሙርሺድ ሳቀ። እልኳን ያውቀዋል፤ ድሮ የተኳረፉትም በዚሁ እልኳ ነው። «ዱጉማ፣ እውነትሽን ነው፤ እሺ ይሙት» አለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሣሉት። ሊያ በንዴቷ እሳቱን ጨመረችበት፤ ሙርሺድ ደግሞ የሦስቱን ናርዲዎች ፊት ከበፊቱ ይበልጥ አኮሳተረው። ጥላው መሀል ላይ ሆኖ፣ ያ ቅንድቡ ከፍ እንዳለ፣ ቀጥ ብሎ ያያል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ከሣሉት ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ አልተጠራጠሩም።

አርብ ጠዋት ኮፒ ቤቱ ሲከፈት ደጁ ላይ ቆመው ነበር።

«ዛሬ እያየን ነው የሚባዛው፣ እትዬ» አለች ሊያ።

ወይዘሮ ብርሃንነሽ ገጹን ተቀበሉ። ያንን ከፍ ያለ ቅንድብ ለረጅም ጊዜ አዩት። አማተቡ።

«ያዙት?»

«አዎ፣ ያዙት! በቃ፣ አለቀለት። ደስ አይልዎትም?»

ወይዘሮ ብርሃንነሽ የማሽኑን ክዳን ዘጉ። ሶኬቱን ነቀሉና ማሽኑ ፊት ቆሙ።

«ኸረ እትዬ፣ ይተዉ!» አለ ሙርሺድ። «ነገ እኮ ነው።»

«እትዬ ብርሃንነሽ፣» አለች ሊያ። «መፍራት መብትዎ ነው። ሥራችንን ማገድ ግን አይችሉም። ይቅደዱት፣ እኛም ደግመን እንስለዋለን። ወረቀት ላይ ያለ መንፈስ ምን ያደርግዎታል?»

«ማን ፈራ አለሽ?» አሉ ወይዘሮ ብርሃንነሽ። ገጹ እንዳይጨማደድ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘውታል። «ሺህ ጊዜ ብትስዪው ሺህ ጊዜ እወስደዋለሁ።»

«ለምን?»

«ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ ደግሜ አልቀብረውም!»