ጋሽ ጀብሪል ፍሊፐራቸውን የፈቱበት ቀን

"አባ ይነሱ... መንገዱ ሳይዘጋ እንውጣ።"

ጋሽ ጀብሪል ቀና ብለው አላዩትም።

ሻይ ቤታቸው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ካቻቪቴ ይዘው ብሎን ይፈታሉ።

ፊታቸው የተዘረገፈው ያ የድሮ የኳስ መጫወቻ ማሽን ነው... የመርሳ ከተማ ሰው "ፍሊፐር" የሚለው።

ሞላው አንድ ቦታ፣ ደወሎቹ ሌላ ቦታ፣ የብረት ኳሶቹ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ።

ጊዜው ነሐሴ 2013 ነው።

ጦርነቱ ወልድያ ደርሷል። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ፣ በመርሳ አልፎ ወደ ደሴ ይጎርፋል።

ወልድያ የሚያስተምረው ልጃቸው ሙጃሂድም አባቱን ሊወስድ በእግሩ መጥቷል።

"ፈትቼዋለሁ እኮ" አሉ ጋሽ ጀብሪል። "እንዲህ ተበትኖ ጥዬው አልሄድም። አንተ ሂድ።"

"አባ... ሰው ቤቱን ጥሎ እየሄደ ነው!"

"ሂድ አልኩህ።"

ሙጃሂድ ደሙ ፈላ።

"ይሄ ብረት ከእኔ በለጠብዎት?"

ጋሽ ጀብሪል አንድ ብሎን ፈትተው ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ...

"በለጠብኝ" አሉ።

ሙጃሂድ ደህና ይሁኑ ሳይል ወጣ። ዞሮም አላየም።

ደሴ ገባ። ደሴም ስትያዝ አዲስ አበባ፣ አክስቱ ቤት ተጠጋ።

"አባትህስ?" ለሚሉት ሁሉ መልሱ አንድ ነበር።

"ከብረታቸው ጋር ቀሩ።"

ስልክ አይሰራም። ሲጨንቀው ያቺ "በለጠብኝ" ትመጣበታለች... ጭንቀቱ ወደ ንዴት ይዞራል።

ታኅሣሥ ላይ መርሳ ነፃ ወጣች ሲባል ተመለሰ።

የሻይ ቤቱ በር ተገንጥሏል። ወንበር የለም፣ ጀበና የለም።

አባቱም የሉም።

ፍሊፐሩ ግን ጥግ ላይ አለ። ተገጣጥሞ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

ጎረቤታቸው ዙልፋ ሕፃን አዝላ ገባች።

"ሙጃሂድ... ማንም አልነገረህም?"

አባቱ የሞቱት በኅዳር ነው። ብርድ መታቸው፣ ሳሉ ጠናባቸው። በከተማው መድኃኒት የሚባል አልነበረም። ከተማው ውስጥ የቀረው ጥቂት ሰው ቀበራቸው።

ሙጃሂድ አላለቀሰም። ማሽኑን በእግሩ መታው።

"ለዚህ ብለው ሞቱ።"

"ተው ሙጃሂድ... አትምታው።"

ዙልፋ ጎንበስ ብላ የተላቀቀውን ሞላ ወደ ቦታው መለሰች።

"እጀታውን ስትስብ ይቺ ትጨመቃለች። ስትለቃት ኳሱን ገፍታ ታወጣዋለች። ሰሌዳው ዘመም ያለ ስለሆነ ኳሱ ደወሉን እየመታ በራሱ ይወርዳል። መብራት አይፈልግም... ጉድጓድ የገባው እዚያው ይቀራል። ይሄን ዘንግ ስትስብ ደግሞ ከስር ያለው ሳንቃ ይንሸራተትና ሁሉም ይለቀቃል።"

ሙጃሂድ ግራ ገባው። እሱ ከዚህ ማሽን ጋር አድጎ ሆዱን አይቶ አያውቅም።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ከአባ ጀብሪል ጋር ቁጭ ብለን ነው ያወቅነው። እሳቸውም አያውቁትም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ነው መጀመሪያ የፈቱት።"

"ያን ቀን? ሰው በሚሸሽበት ቀን?"

ዙልፋ አንገቷን ደፋች።

"ያን ቀን ንጋት ላይ ነው የወለድኩት። ደሙ አልቆም ብሎኝ መነሳት አቃተኝ። ባሌ ዓሪፍ ደሴ ሄዶ ነበር፣ ወደዚህ መመለሻው መንገድ ተዘጋበት። ሰፈሩ ሲወጣ አባትህ ደጄ ድረስ መጥተው 'እኔ አለሁ ልጄ' አሉኝ።

"'ሙጃሂድ ሊወስድዎት እየመጣ ነው አይደል?' አልኳቸው።

"'እውነቱን ብነግረው እሱም ይቀራል' አሉ። 'ጎረምሳ እዚህ ከቀረ አይተርፍም። ተናዶብኝ ይሂድ።' ከዚያ ካቻቪቴ ፍለጋ ሄዱ።"

ሙጃሂድ የመታውን ማሽን በእጁ ዳበሰ።

"ስትሄድ እኔ ጋ ገብተው በበሩ ስንጥቅ ያዩህ ነበር" አለችው። "'አልዞረም... አልሐምዱሊላህ፣ አልዞረም' እያሉ ያለቅሳሉ።

"እኔን በገዛ እጃቸው ውሃ ቀድተው፣ አጥሚት አፍልተው አተረፉኝ። ሲደክማቸው የዚህን ዕቃ ደጄ ላይ አምጥተው ይገጣጥማሉ። አንዱን ሲያገኙ 'ዙልፋ፣ ይሄ እኮ ለዚህ ነው' ይሉኛል። 'ሲመለስ ሙሉ ሆኖ ያግኘው' ነበር የሚሉት... አልደረሱም።"

ሙጃሂድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"ቀብራቸው የት ነው?"

ይዛው ሄደች። አፈሩ ገና አልረጋም። ዱዓ ሊያደርግ እጁን ዘረጋ... ቃል ግን አልወጣውም። ዙልፋ ናት ለአባትም ለልጅም ዱዓ ያደረገችው።

ወዳጆቼ...

ከሚወደን ሰው አፍ የሚወጣ ክፉ ቃል ሁሉ ክፋት አይደለም። አንዳንዴ ጠልቶን ሳይሆን እኛን ለማትረፍ ብሎ ክፉ መባልን ይመርጣል። እኛ ቃሉን ይዘን እንሄዳለን፣ እሱ ምክንያቱን ይዞ ይቀራል።

እናንተስ... በንዴት ተለይታችሁት፣ እውነቱን ኋላ የሰማችሁለት ሰው አለ?

ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ፣ እዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ለእሱ ደውሉ። ከሌለ ግን... ስሙን ከታች ጻፉልን፣ አብረን እናስበው።