ድርብ ክር

ሚሊሜትር ይቅር ባይ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የነገራቸው ራሱ ነው።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከእጅጌ ላይ አንዲት ሚሊሜትር ዝንፍ ስለማይል ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ። ታናሽ ወንድሙ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየመስኮታቸው የጎሪጥ ሲተያዩ ኖረዋል እንጂ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ነገሩ የመጣው በአባታቸው መቀስ ነው። አባትየው በግራ እጁ የሚሠራ ሰፊ ስለነበር መቀሱን ለግራ እጅ ነበር ያሠራው። ሲሞት ለሚሊሜትር ተወለት፤ እሱም እንደ አባቱ ግራኝ ነበርና። ታናሹ ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው። ለእሱ የደረሰው የአባቱ ምክር ብቻ ነው፤ እንዲፈታ የማትፈልገውን በድርብ ክር ስፋ የሚለው።

ያኔ ሁለቱ በአንድ ሱቅ ይሠሩ ነበር። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እስከ ጣሪያ በተከመረበት ሳምንት መቀሱ ጠፋ። መሳቢያ ተገለበጠ፣ ማሽን ተነሣ፣ ጨርቅ ተራገፈ፤ የለም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሚሊሜትር ደግሞ አንዱ ራሱ መሆኑን በሚገባ ያውቃል። ሒሳቡ አላስቸገረውም።

አንድ ደንበኛ፣ ታዲያ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው የግራ መቀስ ምን ያደርግለታል ብሎ ጠይቆት ነበር። ሚሊሜትር ምቀኛ እጅ አይመርጥም አለው።

በዚያው ቀን ዓይንህን ላፈር ተባባሉ። ታናሹ ማሽኑን ተሸክሞ ወጣ። ለሚሊሜትር የቀሩለት ሁለት ማሽን፣ አንድ ትልቅ መስታወትና የኮት ትከሻ የሚተኮስበት ትራስ ናቸው። ትራሱን በዚያ በሥራ ብዛት ሳምንት በገዛ እጁ ሰጋቱራ ጠቅጥቆ የሰፋው ሲሆን እስከ ዛሬ ይኮራበታል። ካውያ የቱንም ያህል ቢጫነው ከጠረጴዛው ንቅንቅ አይልም። ደንበኛውን ሁሉ እስቲ አንሣው ይላል፤ ሰጋቱራ ሲጠቀጠቅ እንዲህ ነው ይላል።

ይቅር ባይነቱን ያመጣው ቆይቶ ነው። እሑድ እሑድ በጸሎት ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጌታ ሆይ መቀሴን የወሰደውን ይቅር በለው ይላል። ስም አይጠራም። ምእመኑ ግን ሁሉ አንገቱን ወደ ሦስተኛው ወንበር ያዞራል፤ ታናሹ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ታናሹም ከሁሉ ጋር አሜን ይላል።

ታዲያ የሚሊሜትር ልጅ ልታገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አንድ ነገር አመጣች። በአጎቷ ትከሻ ላይ ያደገች ልጅ ናት። አጎቴ ካልተጠራ ቀሚሱን አልለብስም አለች። አባቷ ይቅርታውን አስታወሳት።

"አባዬ፣ ይቅር ብዬዋለሁ ትላለህ" አለችው። "ለእሱ ነግረኸዋል?"

ሚሊሜትር አሰበ። ለሰባኪው ነግሯል። ለፀጉር አስተካካዩ ነግሯል። ሰጋቱራ ለሰጠው አናጢ እንኳ ሁለቴ ነግሯል። ለወንድሙ አልነገረም።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ተሻገረ። መንገዱ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ የቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

"ይቅር ልልህ ነው የመጣሁት።"

ታናሹ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ተነሣ። ወንድሙን ቆሞ አየው። እንዲህ መሸበቱን ከመስኮቱ ልብ አላለውም ነበር።

"ይቅር በለኝ፣ ጋሼ" አለ።

ተቃቀፉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በቀን ብርሃን፣ በር ተከፍቶ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሚሊሜትር ግን ሚሊሜትር ነውና ዓይኑን እየጠረገ መቀሱ የት እንደደረሰ ጠየቀ።

"እኔ ጋ የለም" አለ ታናሹ። "እንተወው፣ ጋሼ።"

ሚሊሜትርም ተወው። የምሩን ተወው፤ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለው። እስኪመሽ ድረስ ግን ለፀጉር አስተካካዩም ለአናጢውም አዳርሷል። አመነልኝ፣ እኔም ይቅር አልኩት አላቸው። ልጁ ቀሚሱን ለካችው፤ እናትና ልጅ ሳቁ። ሚሊሜትር በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ሠራ።

በሦስተኛው ቀን ታናሹ ማሽኑን መልሶ አሻገረ። የሠርግ ልብስ ተቆልሎ ስለነበር ሥራ ተካፈሉ። ሚሊሜትር የሙሽራውን አባት ሊለካ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ወንድሙን ትራሱን እስቲ አንሣው አለው፤ ታናሹም እውነትም ከባድ ነው ብሎ መሰከረ። ፉጨቱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተሰማ።

ታናሹ የሙሽራውን ኮት ሊተኩስ ትራሱን ሳብ ሲያደርገው እጁ ላይ ሰጋቱራ ፈሰሰ። አንዱ ጥግ በነጠላ ክር ተሰፍቶ ኖሮ ተተርትሯል። ቀዳዳውን ሊያይ ጣቱን ሰደድ አደረገ።

ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ማንም የለም። የአባቱን መቀስ ወደ ሰጋቱራው መልሶ ገፋውና መርፌው ላይ ድርብ ክር አሳለፈ።