የቀላው ብርጭቆ

በዚህ ነገር ቅንጣት ውሸት ካለበት ምላሴ ይቆረጥ! በርበሬ ነጋዴው አድማሴ ዓመት ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የጠበቃት ቀን ደረሰች። ደንበኞቹን የነጠቀው እንድሪያስ በርበሬውን በቀለም ያቀላዋል ብሎ ያምን ነበርና፣ ግማሽ ጎጃም በተሰበሰበበት የቡሬ ገበያ ከሁለቱም በርበሬ ቆንጥሮ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ላይ በተነ።

«ቀለም የገባበት ወዲያው ውሃውን ያቀላዋል፤ እዩልኝ!» ሲል ጩኸቱ ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሰማ። አንደኛው ብርጭቆ የሰባት ሰንጋ ደም መሰለ። አድማሴ ብድግ አድርጎ እንድሪያስ አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«ይህንን ነው የምታበላን፣ አንተ ከይሲ?»

የአድማሴ ሚስት ፍሬሕይወት የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረገች።

«ያስቀምጡት» አለች በሹክሹክታ። «የያዙት የኛን ነው። ገበያተኛው ሲሸሸን ቀለሙን የጨመርሁበት እኔ ነኝ።»