የኔታ የነኩት ፎቶ

«የኔታ፣ ምን አደረጉኝ!» አለች አይናዲስ፣ የግቢያቸውን በር አልፋ ሳትጨርስ። ሰላምታውን እንኳ ዘንግታዋለች።

የታሪክ መምህርቷ ንዴት አናቷ ላይ ወጥቷል። ለቀድሞ ተማሪዎቿ በከፈተችው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸው ዋዜማ ያካሄዱትን ምርጫ አንስታ፣ «እናንተ ብትሆኑ ማንን ትመርጡ ነበር?» ብላ የተወዳዳሪዎቹን ፎቶ ለጠፈች። የመረጡት ሰው ላይ ቀይ ልብ ማድረግ ነው፤ በቃ። ከተወዳዳሪዎቹ ማን ምን እንደሚል ሳምንቱን ሙሉ ስታስረዳ ከርማለች። በራሱ ጭንቅላት የሚመርጥ ከጠፋ ግን ግሩፑን ልትዘጋው ለራሷ ምላለች።

እስከ ቀትር አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ቀትር ላይ የግማሹን ደብረ ማርቆስ ልጅ ፊደል ያስቆጠሩት፣ እሷው ለክብር ግሩፑ ውስጥ ያስገባቻቸው የኔታ ወልደ ገብርኤል፣ ባርነት ይስፋፋ ባዩ ብሬክንሪጅ ላይ ልብ አደረጉ። ከዚያ ወዲያማ ልቡ ዘነበ። ትናንት ስለ ባርነት ክፋት ያን ሁሉ የጻፈችው ተማሪዋ ፅጌ እንኳ ብሬክንሪጅን!

«ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» አሉ የኔታ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ብሬክንሪጅን መረጡ እኮ!»

«እኔ? የሰውዬውን መልክ አጉልቼ ልይ ብዬ ሁለቴ ነካ ነካ ባደርገው ልብ አወጣ። ማን እንደሆነስ መች አውቄው!»

አይናዲስ ትሳቅ ታልቅስ ጠፋት። «እሺ፣ ቢመርጡስ ማንን ነበር?»

«ሰው እንደ ከብት አይሸጥ የሚለውን ነዋ!»

«ሊንከንም ገና እንደዚያ ደፍሮ አላለም፤ ከዚህ ወዲያ አይስፋፋ ነው ያለው።»

«እሱም ቢሆን ይሻላል» አሉና የቀድሞውን ልብ አጥፍተው ሊንከንን ሁለቴ ነኩት።

ስልኩን ሳያስቀምጡ ልቦቹ ከብሬክንሪጅ ሥር እየጠፉ ሊንከን ሥር ይቆለሉ ጀመር። ፅጌም ተሻገረች። ጌታሰው የሚባለውማ «ይቅርታ፣ ቅድም ተቻኩዬ ነው» ብሎ ጻፈ።

«ይኸው፣ ተስተካከለልሽ» አሉ የኔታ ደስ ብሏቸው።

«ምኑ ተስተካከለ! የመረጡት እርስዎን እኮ ነው! ታላቅ ሳይቆርስ ማዕድ ላይ እጅ እንደማይሰዱት ሁሉ፣ እዚህም አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ከእርስዎ ቀድሞ የሚነካ ይጥፋ?»

 አይናዲስ ግሩፑን ልትዘጋው ስልኳን አወጣች። ከመዝጋቷ በፊት ግን እነማን እንደተሻገሩ ልታይ ሊንከን ሥር ያሉትን ስሞች ተመለከተች። ሁሉም አሉ፤ የእሷ ስም የለም። ወደ ብሬክንሪጅ ሄደች፤ እዚያም የለም። ሌሎቹም ፎቶዎች ሥር የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን በእጇ ይዛ እሷም እንደ ተማሪዎቿ የሚቀድማትን ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

ፊቷ ጋለ። አውራ ጣቷን ሊንከን ላይ ልታሳርፍ ስትል፣ ሳታስበው ቀና ብላ የየኔታን ፊት አየች።